ደረጃ 6 ደርሷል ሲሉሽ የተሞከረበትን ቦታ ጠይቂ

ጥያቄው፦ «በአንድ የመከላከያ ግዥ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ በመሐንዲስነት ከተቀጠርኩ ሰባት ወሬ ነው። ፕሮጀክታችን ላይ አራት አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች አሉ። ሥራ ተቋራጩ አራቱም ከ1 እስከ 9 በሚቆጠረው የቴክኖሎጂ ዝግጁነት መለኪያ ደረጃ 6 ደርሰዋል ይላል። አለቃዬ የቴክኖሎጂ ዕቅዱን ረቂቅ እንዳዘጋጅ አዞኛል። ከየት ልጀምር? ደረጃ 6 በእርግጥ ምን ማለት ነው? ከአራቱ አንዱ ባይደርስስ ምን ይደረጋል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በዕድሜም በሥራም ስለምቀድምሽ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። እዚህ አሜሪካ በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ በሥራ ተቋራጭ በኩል፣ በኋላ በገዥው በኩል። ነገሩን ከጠረጴዛው ሁለቱም ወገን ተቀምጬ ስላየሁት ምላሼ ይረዝማል።

ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «አራቱም» በሚለው ቃል ላይ ነው። አራት የተለያዩ ቴክኖሎጂዎች ናቸው፤ የሠሯቸውም አራት የተለያዩ ቡድኖች ሳይሆኑ አይቀሩም። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ የአሜሪካ የግዥ ሕግ በሚጠይቀው ደረጃ ላይ በትክክል ተሰልፈው ከተገኙ፣ ቁጥሩ የመጣው ከሙከራ ሳይሆን ከሕጉ ነው ብለሽ ብትጠረጥሪ ማንም አይፈርድብሽም። በእውነተኛ ፕሮጀክት ውስጥ አንዱ 7 ይሆናል፣ ሁለቱ 5 ይሆናሉ፣ አንዱ ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ ሊናገረው የማይፈልግ 4 ይሆናል።

ይህ መለኪያ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል። የናሳ ተመራማሪ የነበሩት ስታን ሳዲን በ1974 ባለ ሰባት እርከን አድርገው ጀመሩት፤ በኋላ ዘጠኝ ሆነ፤ በ1995 ሌላው የናሳ ባለሙያ ጆን ማንኪንስ እያንዳንዱን እርከን በዝርዝር አብራሩት። ወደ መከላከያ ግዥ የገባው የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት ክንድ የሆነው ጂኤኦ በ1999 ባወጣው ሪፖርት ምክንያት ነው። ጂኤኦ ያደረገው ቀላል ነገር ነበር። ፕሮጀክቶች ሲጀመሩ በውስጣቸው የነበሩት ቴክኖሎጂዎች ምን ያህል የበሰሉ እንደነበሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ለካ፤ ከዚያ የፕሮጀክቶቹን መጨረሻ አየ። ኮማንቼ የተባለው ሄሊኮፕተር ሲጀመር አንዳንዶቹ ቴክኖሎጂዎቹ ደረጃ 3 ላይ ነበሩ። ሄሊኮፕተሩ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ከበላ በኋላ በ2004 ተሰረዘ፤ የበረሩትም ሁለት ናሙናዎች ብቻ ናቸው። በአንጻሩ ጄዳም የተባለው፣ ተራውን ቦንብ በሳተላይት የሚመራ የሚያደርገው ተገጣሚ መሣሪያ በታወቁና በተፈተኑ ነገሮች ላይ ቆሞ ተነሣ። የአንዱ ዋጋ ከ40,000 ዶላር እንዳይበልጥ ታቅዶ ከዚያ በታች በሆነ ዋጋ ወጣ፣ በ1999 ሥራ ላይ ዋለ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ መለኪያውን በ2001 ተቀበለው። በ2006 ደግሞ ሕግ ወጣ፤ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ማይልስቶን ቢ የሚባለውን፣ ዋናው የልማት ሥራ የሚፈቀድበትን የውሳኔ ምዕራፍ ከማለፋቸው በፊት ቴክኖሎጂዎቻቸው «አግባብነት ባለው ሁኔታ» ውስጥ መሞከራቸው እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። ያ ነው ደረጃ 6። ጂኤኦ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ 7 ይሁን ሲል ኖሯል፤ እኔም የማምነው እንደ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ትርጉም። ደረጃ 4 ማለት ክፍሎቹ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ተገጣጥመው ሠሩ ማለት ነው። በደረጃ 5 እነዚያው ክፍሎች እውነተኛውን በሚመስል ሁኔታ ውስጥ ሠርተዋል። ደረጃ 6 ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጨመራል፤ የሚሞከረው ነገር በቅርጹ፣ በክብደቱና ከሌላው ጋር በሚገናኝበት መንገድ ለመጨረሻው ምርት የቀረበ ናሙና መሆን አለበት፤ የሚሞከርበትም ሁኔታ ሙቀቱን፣ ንዝረቱን፣ አቧራውን፣ የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ የያዘ መሆን አለበት። ደረጃ 7 ናሙናውን በእውነተኛው መርከብ፣ አውሮፕላን ወይም ተሽከርካሪ ላይ ጭኖ ማሠራት ነው። እንግዲህ ከ5 ወደ 6 የሚኬደው መንገድ ሁለት እግር አለው። ሥራ ተቋራጮች ብዙ ጊዜ በአንዱ እግር ብቻ ይሻገራሉ። ወይ ትክክለኛውን ናሙና በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይሞክሩታል፣ ወይ የጠረጴዛ ላይ ስብስቡን በትክክለኛው ሙቀት ይሞክሩታል፤ ሁለቱንም «6» ይሏቸዋል።

«ሁኔታ» የሚለው ቃል ረቂቅ ቢመስልሽ ወጥ ቤት ግቢ። እናቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ልትጠይቀን መጥታ ንፍሮ ስትቀቅል ባቄላው ቶሎ በስሎ አገኘችው፤ የዚህ አገር ባቄላ ነው ለስላሳው አለች። ባቄላው ግን ራሷ ይዛው የመጣችው ነበር። ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ባሕር ጠለል አካባቢ በ100። ድስቱም ባቄላውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው። በመከላከያ መሣሪያም ነገሩ እንዲሁ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሄሊኮፕተር የሚያነሣው ክብደት ያንሳል፣ በአየር የሚቀዘቅዝ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥንም እንደልቡ አይቀዘቅዝም። በባሕር ጠረፍ አሥር ዓመት ያገለገለና ደረጃ 9 የሚባል መሣሪያ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ላለ ገዥ ገና ያልተፈተነ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን አገር ቤት ሆነው የሚያነቡ የግዥ ባለሙያዎችም ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ፤ ከመደርደሪያ የተገዛ ዕቃ ነው ተብሎ የዝግጁነት ጥያቄ አይታለፍም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት በገዥው ወገን ሆኜ አንድ የኃይል መቀየሪያ ሣጥን እንገመግም ነበር። የቴክኒክ ዝርዝሩ የሚለው ሣጥኑ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ የሞተር ክፍል ውስጥ ያለማቋረጥ ይሠራል ነው። የቀረበልን ማጠቃለያ ስላይድ አረንጓዴ ነበር፤ ደረጃ 6 ይላል። ቡድናችን በስላይዱ ላይ ተስማምቶ ፈርሟል፤ እኔም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሙሉውን የሙከራ ሪፖርት ስገልጥ አንድ ፎቶግራፍ አየሁ። ሣጥኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ሽቦዎቹ በሥርዓት ታስረዋል። በፎቶግራፉ ግራ ጥግ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ አንድ ነጭ የቤት ማራገቢያ አለ። አንገቱ ወደ ሣጥኑ ዞሯል። ክንፎቹ በፎቶው ላይ ደብዝዘዋል፤ ይሽከረከር ነበር ማለት ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ፎቶውን በስክሪን ላይ አውጥቼ «ይህ ማራገቢያ የምኑ አካል ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የሥራ ተቋራጩ የፕሮጀክት ኃላፊ አላየውም ነበር፤ እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። መልሱን የሰጠው ከኋላ የተቀመጠ ቴክኒሺያን ነው፤ ማራገቢያው ከሌለ ሣጥኑ አርባ ደቂቃ ሠርቶ ራሱን ያጠፋል አለ። ክፍሉ 22 ዲግሪ ነበር። የሣጥኑን የማቀዝቀዣ ክፍል እንደገና ለመንደፍ አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ያ ቴክኒሺያን ማራገቢያውን አልደበቀውም፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው ያልተናገረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሪፖርት ሲመጣልኝ ከማጠቃለያው በፊት ፎቶግራፎቹን አያለሁ፤ ከፎቶግራፎቹ ቀጥሎ ከዕቅዱ የወጡ አሠራሮች የሚመዘገቡበትን ገጽ አነባለሁ። አንቺም በዚሁ ጀምሪ። ስለ አራቱም ቴክኖሎጂዎች ሦስት ነገር አውጪ፤ ምን ተሞከረ፣ የት ተሞከረ፣ በሙከራው ጊዜ ማን ምን ረዳው። ከዚያ ደረጃውን ራስሽ ስጪው።

ግን ዝርዝሩ ራሱ አራት መሆኑን ማን አረጋገጠ? ሥራ ተቋራጩ «አዲስ» ብሎ የሚቆጥረው ራሱ የፈለሰፈውን ነው። ወሳኝ ቴክኖሎጂ ማለት ግን ሥርዓቱ ያለ እሱ ግዳጁን የማይወጣ ሆኖ፣ ወይ ራሱ አዲስ የሆነ፣ ወይ ደግሞ የቆየ ሆኖ በአዲስ መንገድ ወይም በአዲስ ቦታ የሚሠራ ማለት ነው። ሁለተኛው ነው ሰውን የሚያዘናጋው። በ1996 የመጀመሪያዋ አሪያን 5 ሮኬት ከተነሣች 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ የፈነዳችው በአዲስ ቴክኖሎጂ አይደለም። ከአሪያን 4 የተወረሰ፣ ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ሶፍትዌር ነው የጣላት፤ አዲሷ ሮኬት ፈጠን ያለች ስለነበረች የጎን ፍጥነቷን የያዘው ቁጥር በሶፍትዌሩ ውስጥ ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆነ። ሶፍትዌሩ ያው ነበር፣ ቦታው ግን ተለውጧል። ስለዚህ የፕሮጀክቱን የሥራ ክፍፍል መዋቅር፣ ማለትም የሥራው ክፍሎች ሁሉ የተዘረዘሩበትን ሰነድ፣ ከላይ እስከ ታች ይዘሽ ሂጂ፤ «ይህ ከሌላ ፕሮጀክት የተወሰደ ነው» የሚል ቃል ባገኘሽበት ሁሉ ምልክት አድርጊ። አራት ይዘሽ ገብተሽ ሰባት ይዘሽ ብትወጪ አይግረምሽ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። አንዱ ባይደርስስ? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላስረዳሽ።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቀጣዮቹን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሲያስብ የመጀመሪያው ዕቅዱ አስተዋይ ነበር። አዳዲሶቹ ቴክኖሎጂዎች በተከታታይ መርከቦች ላይ በየተራ ይገባሉ፤ አንዱ ላይ የተፈተነው በሚቀጥለው ላይ መሠረት ይሆናል። በ2002 መጨረሻ፣ በመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ ዘመን፣ ያ ዕቅድ ተለወጠና አብዛኛው በአንድ መርከብ ላይ እንዲጠቃለል ተወሰነ። መርከቡ ጄራልድ ፎርድ ነው። 23 አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች ተሸከመ። ከእነዚህ ውስጥ አውሮፕላኖችን በእንፋሎት ፋንታ በኤሌክትሮማግኔት የሚያስወነጭፈው መሣሪያ፣ የሚያርፉትን ይዞ የሚያቆመው አዲስ ማቆሚያ፣ ባለ ሁለት ሞገድ ራዳርና ቦንብና ሚሳይል ከመርከቡ ሆድ ወደ ላይ የሚያወጡት 11 አሳንሰሮች ይገኙበታል።

አሳንሰሮቹን ተመልከቺ፤ ከሁሉም ተራ የሚመስሉት እነሱ ናቸውና። የድሮዎቹ በገመድ ይሳቡ ነበር፤ እስከ 10,500 ፓውንድ በደቂቃ 100 ጫማ ያነሡ ነበር። አዲሶቹ ገመድ የላቸውም፤ በኤሌክትሮማግኔት ሞተር 24,000 ፓውንድ በደቂቃ 150 ጫማ እንዲያወጡ ታቀዱ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሞተሩን ለብቻው ማሠራት አንድ ነገር ነው፣ በመርከብ ሆድ ውስጥ ከበሮቹና ከመዝጊያዎቹ ጋር ልክ ሆኖ እንዲገጥም ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ያንን አስቀድሞ በየብስ ላይ በሙሉ መጠኑ የሚፈትን ጣቢያ አልተሠራም ነበር፤ ፊላደልፊያ ላይ እንዲሠራ የተደረገው መርከቡ ከተረከበ በኋላ ነው። መርከቡ በግንቦት 2017 ሲረከብ ከ11ዱ አሳንሰሮች አንዱም አልተጠናቀቀም። የመጀመሪያው በ2018 መጨረሻ፣ የመጨረሻው በታኅሣሥ 2021 ተረከበ። 13 ቢሊዮን ዶላር የፈጀ መርከብ ለአራት ዓመት ተኩል ቦንቡን ከመጋዘን የሚያወጡለትን አሳንሰሮች በሙሉ ሳያገኝ ኖረ። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ያመኛል፤ ብዙ ጎበዝ መሐንዲሶች በዚያ መርከብ ላይ ሌሊት ከቀን ሠርተዋል፣ የሠሩትም በዕቅድ ደረጃ የተበላሸን ነገር በብየዳና በመፍቻ ለማቃናት ነበር።

የማስወንጨፊያው ታሪክ ግን ለአንቺ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። መጠባበቂያ ነበረው። እንፋሎቱ ለሃምሳ ዓመት የሠራ፣ የታወቀ ነገር ነው። በ2009 የአዲሱ ሥራ ሲዘገይ ወደ እንፋሎት እንመለስ ወይ የሚለው በባሕር ኃይሉ ውስጥ በቁም ነገር ተመከረበት። የተወሰነው በአዲሱ እንዲቀጠል ነው። ለምን? የመጀመሪያው ብረት የተቆረጠው በ2005 ነው፤ ዋናው የግንባታ ውል የተፈረመው በ2008 ነው። መርከቡ የተነደፈው የእንፋሎት ቧንቧ ሳይኖረው፣ በኤሌክትሪክ ዙሪያ ነው። መመለስ ማለት ንድፉን አፍርሶ መጀመር ነበር። አዲሱ መሣሪያ የመጀመሪያውን አውሮፕላን በኒው ጀርዚ የሙከራ ጣቢያ ያስወነጨፈው በታኅሣሥ 2010 ነው፤ ሊያዩት የሚገባው ውጤት መመለሻው መንገድ ከተዘጋ በኋላ መጣ። መሣሪያው ዛሬ ይሠራል፣ ነገር ግን ዋጋ አስከፍሏል። የፔንታጎን የሙከራ ቢሮ በ2020 ሪፖርቱ እንደመዘገበው፣ በሁለት ከባድ ብልሽቶች መካከል በአማካይ 4,166 ጊዜ ማስወንጨፍ ሲጠበቅበት 181 ጊዜ ላይ ነበር። አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹ እየሠሩ እሱን ከኃይል ነጥሎ መጠገንም አስቸጋሪ ሆነ፤ ይህ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነበር። በ2021 የባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ የነበሩት አድሚራል ማይክል ጊልዴይ በአንድ ውስብስብ መርከብ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አዲስ ቴክኖሎጂ መግባት እንደሌለበት በይፋ ተናገሩ።

ከዚህ ታሪክ እንድትወስጂ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መጠባበቂያ እንደ መድኃኒት የማብቂያ ቀን አለው። ሁሉም ፕሮጀክት በዕቅዱ ላይ «ካልሆነ ወደ ነባሩ እንመለሳለን» ብሎ ይጽፋል። የመመለሻው መንገድ የሚዘጋበትን ቀን የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ቀኑን የሚወስነው አዲሱ ቴክኖሎጂ የሚከሽፍበት ጊዜ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ንድፍ የሚዘጋበት፣ ከዚያ ወዲያ የማይለወጥበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪ። የተሽከርካሪሽ ንድፍ ከዛሬ 14 ወር በኋላ ይዘጋል እንበል። የመጠባበቂያውን ሥዕል ለማውጣት፣ መገናኛዎቹን ለማስተካከልና አቅራቢውን በውል ለመያዝ 5 ወር ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሳኔው በ9ኛው ወር መሰጠት አለበት። የሙከራ ውጤት ተንትኖ ለውሳኔ ሰጪዎች ለማቅረብ 2 ወር ይሂድ፤ ሙከራው በ7ኛው ወር ማለቅ አለበት። አሁን የሥራ ተቋራጩን የጊዜ ሰሌዳ ክፈቺ። ያ ሙከራ በ11ኛው ወር ላይ ተጽፎ ካገኘሽው መጠባበቂያ የለሽም ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ ቢኖርም የለሽም። ይህን አንድ ስሌት ለአራቱም፣ ወይም ለሰባቱም፣ ሠርተሽ ለአለቃሽ ብታቀርቢ በሰባት ወርሽ ብዙ ሰው በሰባት ዓመቱ ያልሠራውን ሠራሽ።

ረቂቁ ራሱ ረጅም መሆን የለበትም። ለእያንዳንዱ ቴክኖሎጂ ሁለት ገጽ ይበቃል። ዛሬ የት እንዳለ ከማስረጃው ጋር፣ ገና ያልተፈተነው ምን እንደሆነ፣ ቀጣዩ ሙከራ የትና በምን ሁኔታ እንደሚደረግ፣ ስንት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ መጠባበቂያውና የማብቂያ ቀኑ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ። የማለፊያውን መለኪያ ሙከራው ከመደረጉ በፊት በቁጥር ጻፊው፤ «በ55 ዲግሪ ያለ ውጪ ማቀዝቀዣ ለ8 ሰዓት ሙሉ ኃይል» እንደማለት። ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚጻፍ መለኪያ ሁልጊዜ ውጤቱን ይመስላል። መጠባበቂያው በሌላ ፕሮጀክት ላይ የተመሠረተ ከሆነ ደግሞ ያንን ፕሮጀክት ራሱን ተከታተዪ። የፎርድ ባለ ሁለት ሞገድ ራዳር ከዙምዋልት አጥፊ መርከቦች ጋር ወጪውን ይጋራል ተብሎ ነበር፤ 32 ይሠራሉ የተባሉት ዙምዋልቶች ወደ 3 ሲወርዱና ከራዳሩ አንዱ ክፍል ከእነሱ ላይ ሲነሣ፣ ፎርድ ብቻውን የራዳሩ ባለቤት ሆኖ ቀረ። የፎርድ ዓይነት ሁለተኛው መርከብ ሌላ ራዳር ነው የያዘው።

ስለ ውሉ ዓይነት ሐሳብ የመስጠት ዕድል ካገኘሽ፣ ያልበሰለ ቴክኖሎጂ በቁርጥ ዋጋ ውል እንዳይታሰር ተከራከሪ። ገዥው አደጋውን ለሻጩ ያስተላለፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የማይሠራ ነገር በማንም ዋጋ አይሠራም። ኤ-12 የተባለው የባሕር ኃይል አውሮፕላን በቁርጥ ዋጋ ውል ተጀምሮ በጥር 1991 በመከላከያ ሚኒስትሩ ዲክ ቼኒ ተሰረዘ። አንድም አውሮፕላን አልበረረም። ክርክሩ በፍርድ ቤት እስከ 2014 ቆየ፤ የሕግ ባለሙያዎች ሃያ ሦስት ዓመት ሠሩበት። ቴክኖሎጂው በተለየ በጀት፣ ያለ ማስረከቢያ ቀን ይብሰል፤ ሲበስል ወደ ፕሮጀክቱ ይግባ። የማስረከቢያ ቀን ያለው ፕሮጀክት ውስጥ የገባ ጥሬ ቴክኖሎጂ አብሮት ያለውን ሁሉ ያስጠብቃል፤ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የማምረት ዝግጁነት ሌላ መለኪያ አለው፣ እስከ 10 ይቆጠራል። አንድ ናሙና በጎበዝ እጅ መሥራት በወር ሃያ ከመሥራት እንደሚለይ ታውቂያለሽና አላስረዝመውም፤ በዕቅድሽ ውስጥ አንድ አንቀጽ ስጪው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ተቃራኒው ችግር ነው፤ ቴክኖሎጂ ጥሬ ሆኖ እንደሚጎዳ ሁሉ አርጅቶም ይጎዳል። የመጨረሻው ቢ-52 ቦምብ ጣይ የተረከበው በ1962 ነው፤ ዛሬም ይበራል፣ አዲስ ሞተር ሊገጠምለት ነው። የኮምፒውተር ቺፕ ደግሞ ጥቂት ዓመት ተመርቶ ይቆማል። ንድፍሽ ዛሬ የሚመርጠው ቺፕ የመጀመሪያው ምርት ከመውጣቱ በፊት ከገበያ ሊጠፋ ይችላል። እዚህ ላይ የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የሶናር (ውኃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚያገኝ መሣሪያ) ሥራ መልካም ምሳሌ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለወታደር ብቻ የሚሠሩ ውድ ማስሊያዎችን ትተው ከገበያ የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ማስገባት ጀመሩ፤ ሶፍትዌሩን ከሃርድዌሩ ለዩት፤ ማሻሻያው በቋሚ ዙር እንዲገባ አደረጉ። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ትልቁ ጥቅም ከብልሃቱ በላይ በሥነ ልቦናው ነው። አንድ ነገር ለዚህ ዙር ካልደረሰ ለሚቀጥለው ይቆያል፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማንም ያልበሰለ ነገር በግድ ለመጨመር አይጣደፍም። የፎርድ ዓይነት ጥድፊያ የሚመጣው «አሁን ካልገባ ለሠላሳ ዓመት አይገባም» ከሚል ፍርሃት ነው። የእናንተ ፕሮጀክት የማሻሻያ ዙር ካለው፣ ከአራቱ ጥሬ የሆነው ወደ ሁለተኛው ዙር ቢዛወር ምን ይጎድላል የሚለውን ጥያቄ ረቂቅሽ ውስጥ አስገቢው። ቦታውን፣ ክብደቱንና የኤሌክትሪክ ኃይሉን ግን አሁኑኑ ያዢለት፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ዙር የሚገባበት ቦታ አይኖርም።

አለቃሽ ረቂቁን ሲያይ አንዱን 6 ወደ 4 ማውረድሽ ላያስደስተው ይችላል። ይህን ስል ላስፈራራሽ አይደለም። ቁጥሩ ሲወርድ የውሳኔው ቀን ይገፋል፣ የበጀት ጥያቄ ይነሣል፣ እሱም ከበላዮቹ ፊት ይቆማል። ስለዚህ 4 የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዘሽ አትግቢ። ከ4 ወደ 6 የሚያደርሰውን ሙከራ፣ ወጪውንና ወሩን አብረሽ ይዘሽ ግቢ፤ ካልደረሰ የሚወሰደውን መጠባበቂያም እንዲሁ። ግምገማውን በፕሮጀክቱ ስኬት የማይጠቀም፣ ከውጪ የመጣ ቡድን እንዲያየውም ጠይቂ። እኔ ያንን የማራገቢያ ስላይድ የፈረምኩት ፈሪ ስለሆንኩ አልነበረም፤ ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሁሉም ቡና እየጠጣ ሲስማማ ብቻውን ሪፖርቱን ልይ ማለት ስለከበደኝ ነው። አንቺ ግን ሪፖርቱን ከስብሰባው በፊት ጠይቂ፤ ከስብሰባው በፊት መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

የመጨረሻው ነገር። ሥራ ተቋራጩ ሙሉውን የሙከራ ሪፖርት የመስጠት ግዴታ ያለበት ውሉ ውስጥ በሚረከቡ ሰነዶች ዝርዝር ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ብዙ ውሎች ማጠቃለያውን እንጂ ጥሬ መረጃውን፣ ፎቶግራፉንና ከዕቅዱ የወጡትን አሠራሮች አይጠይቁም። ዛሬ ያንን ዝርዝር አውጥተሽ እዪው። ከሌለበት ለውል ኃላፊው በዚህ ሳምንት በጽሑፍ አሳውቂ፤ የውል ማሻሻያ ወራት ሊፈጅ ይችላልና፣ አንቺም ከላይ የቆጠርነው 7ኛ ወር ከመድረሱ በፊት ፎቶግራፎቹ በእጅሽ ያስፈልጉሻል።